ጋሽ ሚሊ የቆረጧት መስመር

ጠዋት በትንሿ ማተሚያ ክፍላቸው የመጀመሪያውን የመጻሕፍት ጥቅል ስትፈታ እጇ በደስታ ይፈጥን ነበር። መዳፍ የምታክለዋን የግጥም መጽሐፍ ገለጠችና ያቺን ስለ እናት የተጻፈች ረጅም ግጥም ፈለገች። ግጥሟ አለች፤ የመጨረሻዋ መስመር ግን የለችም። ሌላ ቅጂ ገለጠች፤ እዚያም የለችም። ሦስተኛውን ስትገልጥ ነገሩ ገባት። የወረቀት መቁረጫው የገጹን ግርጌ ከነመስመሩ በልቶታል። ሌሎቹ ግጥሞች እስከ ግርጌ ስለማይወርዱ ተርፈዋል።

ቀና ብላ ወረቀት ቆራጩን ጋሽ ሚሊን አየቻቸው። ጀርባቸውን ሰጥተዋት ከመቁረጫው ሥር የወደቀውን የወረቀት ቁርጥራጭ ይጠርጋሉ። ሚሊ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሟች ወንድሟ ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ከተዛነፈ እንቅልፍ አይወስዳቸውም እያለ ሲያሾፍባቸው። ካለፈው ዓመት ወዲህ ግን ዓይናቸው ደክሟል። ሻይ ሲቀዱ ከብርጭቆው ውጭ እንደሚያፈሱ፣ ደረጃውን በእግራቸው እየዳበሱ እንደሚወርዱ አይታለች። አይታም እንዳላየች ሆናለች። ሚስት የላቸው፣ ልጅ የላቸው፤ ያላቸው ይኸው መቁረጫ ነው። ከእሱ ላይ ይነሡ ለማለት አንጀቷ አልቻለም።

አሁን ደግሞ ጊዜ የለም። ከሰዓት በኋላ መጽሐፏ በሕፃናት ሆስፒታል ግቢ ትሸጣለች፤ ገቢው ለልጆቹ አልጋ መግዣ ነው። እንደገና ለማተም ወረቀት አልተረፈም።

ያ ዘመን ናፈቃት። ወንድሟ በሕይወት ሳለ ይህች ክፍል ለሦስታቸው ጠባብ ነበረች። ሐሳቡ የእሱ ነው፤ ማንም የማያውቃቸውን ሰዎች ግጥም በኪስ መጽሐፍ አትሞ፣ ከአንድ ብርጭቆ ሻይ በማይበልጥ ዋጋ ሸጦ፣ ገቢውን ለታመሙ ልጆች መስጠት። አብደሃል ያላለው ዘመድ የለም። የግጥም ምርጫቸው ነገርማ ጉድ ነበር። ወንድሟ የገጣሚውን ስም ሳይናገር ጮክ ብሎ ያነባል፤ ጋሽ ሚሊ ወረቀት ይቆርጣሉ። እጃቸው ሥራውን ከቀጠለ ግጥሙ ወደቀ፤ እጀታውን እንደያዙ ቆመው ካዳመጡ ይታተማል። አንዳንዴ ወንድሟ በወደደው ግጥም ላይ ድምፁን እያለሰለሰ ሊያባብላቸው ይሞክራል፤ እሳቸው ጭራሽ መቁረጡን ያፈጥኑታል። ሳቃቸው እስከ መንገድ ይሰማ ነበር።

አሁን የምታነበው እሷ ናት። ያቺን ስለ እናት የተጻፈች ግጥም ስታነብ ጋሽ ሚሊ ገና ከመጀመሪያው ስንኝ ነበር ቀጥ ያሉት።

በሩ ተንኳኳ። ገጣሚው ነው፤ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ዩኒፎርሙን እንደለበሰ ከሥራ አስፈቅዶ የመጣ። ከተሳፋሪዎቹ አንድም ሰው ግጥም እንደሚጽፍ አያውቅም። መጽሐፉን ተቀብሎ ሸሚዝ ኪሱ ውስጥ ከተተ፣ መልሶ አወጣ፣ ሽፋኑ ላይ የታተመውን ስሙን በጣቱ ነካ። ከዚያ የእናቱን ግጥም ገለጠ። ፊቱ ሲለዋወጥ አየች። በዓይኗ ወደ ሽማግሌው ጠቆመችው። መጥረጊያቸውን ሊያስደግፉ ግድግዳውን በእጃቸው ይፈልጉ ነበር።

ሾፌሩ ጉሮሮውን ጠረገ። ድምፁን ከፍ አድርጎ «የመጨረሻዋን መስመር ባዶ ተዉልኝ ያልኳችሁ በእጄ ልጽፋት ብዬ ነው» አለ። «እስክሪብቶ ይኖራል?»

እንዲህ ያለ ነገር ብሎ አያውቅም። ልታቅፈው ምንም አልቀራትም። ወንበር ሳበችለት፤ ግርጌው ላይ ቦታ ስለሌለ በየቅጂው የገጹ ጠርዝ ላይ ወደ ጎን እየጻፈ ይደረድር ጀመር።

ጋሽ ሚሊ ቀስ ብለው መጡ። ሾፌሩ ጽፎ ከደረደራቸው አንዷን መጽሐፍ አነሡና የገጹን ግርጌ በአውራ ጣታቸው ዳበሱ። ደግመው ዳበሱ።

«ባዶ የተተወ መስመር ቢሆን ቦታው ይኖር ነበር» አሉ።

የሾፌሩ እስክሪብቶ ቆመ።

«እኔ ነኝ የቆረጥኳት።»

«ጋሼ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ዓይንዎ መድከሙን አውቄ ዝም...»

«ተይ፣ ትንሿ።» ፀጉሯ ሸብቶም ትንሿ ነው የሚሏት። መጽሐፏን ወደ ዓይናቸው አስጠጉ፣ አራቁ፣ ከዚያ ዘረጉላት። «መስመሯ ምን ትላለች? አንብቢልኝ።»

በዚህ ሁሉ ዓመት አንድ ቀን እንኳ እንዲህ ብለዋት አያውቁም። መጽሐፏን ተቀብላ አነበበች፤

«በሩን አትዝጊብኝ፣ እማዬ፤ የመጨረሻው ተሳፋሪ እኔ ነኝ።»

«ይህችን ነው እንግዲህ ጠዋት ስጠርግ የነበርኩት» አሉ ሽማግሌው።

«እኔም ስንት ፌርማታ ዘልያለሁ፣ ጋሼ» አለ ሾፌሩ፤ አንገቱን ደፍቶ መጻፉን ቀጠለ።

ጋሽ ሚሊ ፈገግ እንደማለት አሉ። ከዚያ ወደ መቁረጫው ሄደው «ነይ ወዲህ» አሏት። «እጅሽን አምጪ።»

ሰጠቻቸው። እጀታው ላይ አሳረፉት። ብረቱ ለዓመታት በመዳፋቸው ታሽቶ ለስልሶ ነበር።

«እንዳትቸኩዪ» አሉ። የእሳቸው እጅ ግን ከእጇ ላይ አልተነሣም።