እናየዋለን

በዚህ ታሪክ ውስጥ ጠብታ ውሸት ከተገኘ ብዕሬ ይንጠፍ፣ ምላሴ ይታሰር! ሰውየው ከረዳት መምህርነት ተነስቶ ዩኒቨርሲቲ አናት ላይ ፊጥ ያለው በአንዲት ቃል ብቻ ነው፤ «እናየዋለን»።

መጽሐፍ አልጻፈም፤ ማንበቡም ያጠራጥራል። ለጠየቀው ሁሉ ግን ሳይቆጣም ሳይፈቅድም «እናየዋለን» ብሎ ይሸኛል። እምቢ ስላላለ ጠላት አላፈራም፤ እሺ ስላላለ አልተሳሳተም። እንዲህ ያለው ካልተሾመ ማን ሊሾም ነው?

የቤተ መጻሕፍቱ ጣሪያ ያፈሳል ቢሉት «እናየዋለን» አለ። ተማሪው ጃንጥላ ዘርግቶ ሲያነብ ከረመ፤ በመጨረሻ ጣሪያው መታየት ቢናፍቀው ራሱ ወረደ። ጠረጴዛው ላይ የተከመረው ማመልከቻማ መስኮቱን ጋርዶ፣ ጸሐፊዋ በጠራራ ፀሐይ መብራት ታበራ ነበር።

እንቅልፍ የነሳችው አንዲት ነገር ብቻ ናት፤ በሩ ላይ «ፕሬዝዳንት» ከሚለው በፊት የተለጠፈችው «ተጠባባቂ»። የቦርዱ ስብሰባ ዕለት ጠዋት ሚስቱ ክራቫቱን እያጠበቀችለት፣

«ስማ፣ ጎረቤቱ ሁሉ ‹እትዬ ተጠባባቂ› ነው የሚለኝ። ዛሬ ያቺን ቃል ሳታስነቅል ብትመጣ በሩን አልከፍትልህም!» አለችው።

«እና...»

«እናየዋለን ብትል ወዮልህ! አባቴ ‹ልጄን ታገባታለህ ወይ?› ሲሉህም ይህንኑ ብለህ ነው ጨዋ የመሰልካቸው።»

መኪናው ውስጥ መንገዱን ሙሉ «እሺ... እሺ... እሺ» እያለ ምላሱን ሲያለማምድ ሄደ።

አዳራሹ ውስጥ ቦርዱ ተሰይሞ ጠበቀው። ሰብሳቢው መነጽራቸውን አውልቀው፣ «ዶክተር፣ ቦርዱ ሙሉ ፕሬዝዳንት አድርጎ ሊሾምዎት አስቧል። ይቀበላሉ?» አሉት።

አፉን ከፈተ። የዕድሜ ልክ እንጀራው የሆነችው ቃል እሺን በክርኗ ደቁሳ ቀድማ ዱብ አለች፤

«እናየዋለን!»

ቦርዱ በሳቅ ፈረሰ፤ የመስኮቱ መስታወት ሁሉ ረገፈ። ወንበሩን እዚያው ለምክትሉ ሰጡት፤ እሱም ደጁ ላይ ቆሞ ሚስቱን በቁልፍ ቀዳዳ ሲለማመጥ ዋለ።

ማን አየ የሚል ካለ፣ ጸሐፊዋ አለችለት፤ ቃለ ጉባኤ ስትይዝ እዚያው ነበረች።

ይህን ያላመነ አንድ አድማጭ ሄዶ ሲጠይቃት ጸሐፊዋ ከኮምፒውተሯ ቀና እንኳ አላለችም።

«ጣሪያው ማፍሰሱ እውነት ነው፤ አልወረደም እንጂ» አለች ቀስ ብላ። «ደግሞ ማንም ‹ይቀበላሉ?› አላላቸውም። ሹሙኝ ብለው የለመኑት እሳቸው ናቸው። ‹እናየዋለን› ያለው ቦርዱ ነው።»

«እና አሁን የት ናቸው?»

«ውስጥ ናቸው። ‹ተጠባባቂ› የምትለዋ ቃልም እንዳለች በሩ ላይ አለች።»