ካሜራው ያላየው ፍሬን

ዲላ ውስጥ ልጁን የዳረ ሁሉ የእንድርያስን እጅ ያውቃል። ሙሽሪትን በኮምፒውተሩ ከቡናው ዛፍ በላይ አንሳፍፎ ከሙሽራው ጎን የሚያሳርፋት፣ የሚዜዎችን ፎቶግራፍ እንደ ቅጠል እያረገፈ የሚደረድረው እርሱ ነው። ሐጂ ባህሩዲን በዚያ ማለዳ ወደ ስቱዲዮው ሲገቡም ከሐዘናቸው የቀደመው ፌዛቸው ነበር።

«አንተ ሰው፣ የሰው ልጅ በደመና ላይ ታስኬዳለህ አሉ። መኪና ማስኬድስ ትችልበታለህ?»

እንድርያስ አልሳቀም። የሐጂ ልጅ ሚክዳድ ከይርጋጨፌ ቡና ጭኖ ሲመለስ፣ ጪጩ ላይ አብዲሳ የሚባል ባለሞተር ገጭቶ መግደሉን ከተማው ሁሉ ሰምቶታል። ሚክዳድ በዋስ ተለቋል። የመንግሥቱ ክስ በራሱ መንገድ ይሄዳል፤ የሁለቱ ቤተሰቦች ጉዳይ ግን በሽማግሌዎች እጅ ነው።

ሐጂ ከኪሳቸው ፍላሽ አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ከመንገዱ ዳር ያለ ሱቅ ካሜራ ነበረው። እይና ፍረድ።»

እንድርያስ ከፍቶ አየ። የሚክዳድ አይሱዙ ከቁልቁለቱ አናት ብቅ ይላል፤ የአብዲሳ ሞተር ከገበያው መውጫ ወደ አስፋልቱ ይገባል። ከዚያ ጨለማ ነው፤ መብራት ሄዷል። ካሜራው ዳግም ሲነሣ አይሱዙው መንገዱን ዘግቶ ቆሟል፣ ሞተሩ ከሥሩ ተጨፍልቋል፣ ሰዎች ይሮጣሉ።

«ሽማግሌዎቹ ፊትና ኋላውን አይተው መካከሉ አልታያቸው አለ» አሉ ሐጂ። «አያይዝልኝ። ልብ አድርግ ታዲያ፣ አንዲት ውሸት እንዳትጨምር። ልጄ ካጠፋ አጥፍቷል፤ ደም በኮምፒውተር አይታጠብም።»

«ሚክዳድ ራሱ ምን ይላል?»

«‹ሞተሩን አየሁ፣ ከዚያ ጩኸት ሰማሁ› ነው የሚለው። ፍሬን ይያዝ አይያዝ አያስታውስም። የጎማ ምልክት እንዳይፈለግ አስፋልቱን ዝናብ አጥቦታል። የሟች እናት ደግሞ ሌላ ነገር አልጠየቀችም። ‹ልጄን አይቶ ሊቆምለት ሞክሯል ወይስ እንደ ውሻ ረግጦት አለፈ?› ብቻ ነው የምትለው። ሞክሮ ከነበረ ትታረቃለች። ካልሆነ ግን የልጄን ፊት ማየት አትሻም።»

እንድርያስ ሥራውን በጥንቃቄ ያዘ። ጪጩ ድረስ ሄዶ ባዶውን መንገድ ካሜራው ካለበት ስፍራ ፎቶግራፍ አነሣ። ከሱቁ ቪዲዮ አይሱዙውንና ሞተሩን ቆርጦ አወጣና በየራሳቸው ረድፍ ከመንገዱ ምስል በላይ አኖራቸው። የሚቀረው ማንቀሳቀስ ነው። ለዚህም የሙያው ሰዎች ኪፍሬም የሚሉትን ምልክት ይተክላል፤ አንዱን ዕቃው በሚነሣበት፣ ሌላውን በሚደርስበት ስፍራ። በሁለቱ መካከል ያለውን ጉዞ ፕሮግራሙ ራሱ ይሞላዋል።

ከዚያ እጁ እንደ ልማዱ አንድ ነገር አደረገ። የሠርግ ሥራ ያስተማረው ሕግ ነው፦ በስክሪን ላይ የሚሄድ ነገር ድንገት መነሣት፣ ድንገትም መቆም የለበትም፤ ድንገት የቆመች ሙሽራ ከግድግዳ የተላተመች ትመስላለች። ስለዚህ ሁለቱንም ጫፎች፣ መነሻውንም መድረሻውንም፣ ቀስ እንዲሉ አለሰለሳቸው። ወዲያው ግን አይሱዙው ቆሞ የነበረና ገና የሚነሣ መሰለው፤ እውነት ስላልሆነ የመነሻውን ማለስለሻ አነሣ። የመድረሻውን ተወው። መኪናው መቆሙ መች ቀረ? ደጋግሞ አጫወተው፤ የሚጎረብጥ ነገር አላገኘበትም።

ሽማግሌዎቹ የተሰበሰቡት በሶንጎ ነው፤ ጌዴኦዎች ነገር በሚያዩበት፣ ቃል በሚመዘንበት ስፍራ። የጠዋቱ ፀሐይ በስክሪኑ ላይ ስላንጸባረቀ ላፕቶፑን በርጩማ ላይ አኑረው ጋቢ አለበሱት፤ ተመልካች ሁሉ አንገቱን ከጋቢው ሥር ማስገባት ነበረበት።

«ምንድን ነው ይሄ፣ ሲኒማ ልታሳየን ነው?» አሉ ሸንጎውን የሚመሩት አቶ አማኑ።

«ዝም ብለው ይግቡ፣ ትኬት ሳያስቆርጡን!» አለ ከኋላቸው አንዱ። ሳቁ አጭር ነበር፤ የሟች እናት ወርቂቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ እየቀረበች ነበርና።

ሚክዳድ ከአባቱ ጀርባ አንገቱን ደፍቶ ቆሟል። ወርቂቱ ከጋቢው ሥር ገባች፤ እርሱም በአቶ አማኑ ምልክት ከጎኗ ተንበረከከ። እንድርያስ ቁልፉን ነካ።

አይሱዙው ከቁልቁለቱ ወረደ። ሞተሩ ወጣ። ወደ መጨረሻው አይሱዙው ፍጥነቱን ቀነሰ፤ ሞተሩ ዘንድ ሲደርስ በቀስታ ቆመ።

«እዩት!» አለች ወርቂቱ። «ቀስ አለ… ቀስ አለ እኮ! አይቶታል ልጄን። ሊቆምለት ነበር።» ድምፅዋ ልጇ ከተቀበረ ወዲህ የያዛት አንዳች ነገር እንደ ለቀቃት ያስታውቅ ነበር።

ሚክዳድ እግሯ ላይ ተደፋ። «አዎ እናቴ፣ ይዤ ነበር! አሁን ትዝ አለኝ። እግሬ ፍሬኑ ላይ ነበር፤ ይኸው አሁንም ይሰማኛል!»

እርሷም እጇን ራሱ ላይ አኖረች። አቶ አማኑ ሊመርቁ እጃቸውን ዘረጉ።

እንድርያስ ነገሩ አሁን ገባው። ያ ቀስ ማለት የመኪናው አልነበረም፤ የእርሱ ጣት ሥራ ነበር። ዝም ቢል ሁሉም ወደ ቤቱ በሰላም ይገባል። ይህን አሰበ፤ የሽማግሌዎቹ እጆች ለምርቃት ሲነሡም አየ። ግን እውነት በሚነገርበት ስፍራ ሐሰት አቅርቦ ምርቃት መቀበል አልሆነለትም።

«አባቶች፣ ይቅርታ አድርጉልኝ። መኪናው ቀስ አላለም። ቀስ ያደረግሁት እኔ ነኝ።»

«ምን ማለትህ ነው?» አሉ አቶ አማኑ።

አስረዳቸው። ሲያስረዳ ነገሩ ትንሽ፣ ደግሞም አሳፋሪ ሆኖ ተሰማው፦ ለዓይን እንዲያምር ያደረገው ነበር።

«እንግዲያው ማሳመሪያህን አውጣና አሳየን።»

አወጣው። አይሱዙው ከቁልቁለቱ ያለ አንዳች ማመንታት ወረደና ሞተሩ ላይ እንደ ተመታ ምስማር ቀጥ አለ። ከጋቢው ሥር የወርቂቱ ሲቃ ተሰማ።

«ይኸኛውስ እውነት ነው?»

«አይደለም አባቴ። ይህም የእኔ ሥራ ነው። መካከሉን ማንም አላየውም።»

ሽማግሌው ራሳቸውን ከጋቢው ሥር አወጡ። ወደ ሚክዳድ ሲዞሩ ድምፃቸው ቁጣ አልነበረበትም፤ ያም ይብስ ነበር።

«‹አላስታውስም› ስትል አምነንህ ነበር፤ እንዲህ የሚል ልጅ አይዋሽም ብለን። አሁን ‹ትዝ አለኝ› ያልከው ምኑ ነው?»

«እኔ… ታየኝ። ምያለሁ፣ ታየኝ።»

«ምን ታየህ? የእርሱ ሥዕል?»

ሚክዳድ ቀና ብሎ ወርቂቱን አየ። ወርቂቱ እጇን ከራሱ ላይ አንሥታ ነበር። ነጠላዋን ሰብስባ ቆመች።

«ሊቆምለት ሞክሮ ቢሆን ኖሮ» አለች፣ «ትዝታውን ከሥዕል አይማረውም ነበር።»

ሄደች። ማንም አልመለሳት። ሽማግሌዎቹም ተነሥተው ጋቢውን ከላፕቶፑ ላይ ገፈፉት።

ሐጂ፣ ሚክዳድና እንድርያስ ወደ ዲላ የተመለሱት በአንድ ባጃጅ ተጨናንቀው ነው። ሐጂ መንገዱ ሲጋመስ፣ «እውነት መናገርህን አልጠላሁም» አሉ። «ዝም ብትልልኝ ግን እወድ ነበር። ሁለቱንም ዕወቅልኝ።»

«ሐጂ፣ እኔ…»

«ተወው ልጄ።»

ሚክዳድ ወደ ውጭ እያየ ነበር። «አሁንም ዓይኔን ስጨፍን ፍሬኑን ስይዝ ነው የሚታየኝ» አለ። «አንተ ሳታሳየኝ በፊት በውስጤ ነበር? ወይስ አልነበረም?»

እንድርያስ ዓይኑን ወደ ባጃጁ ወለል አወረደ። ባጃጁ ቁልቁል ሲወርድ፣ የሚክዳድ ቀኝ እግር በየኩርባው ወለሉን ይጫን ነበር።