ማን ላከህ?

እናቴ ሸዋነሽ አንዴ ካመነች በጥንድ በሬ ቢጎትቷት አትነቃነቅም። በ1954 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ያመነችው ነገር የወንድሜን ትዳር ሊያፈርስ ምንም አልቀረው።

ማር የሚቆረጠው አመሻሽ ላይ፣ ንቡ ሲረጋ እንደሆነ ፎገራ ውስጥ የማያውቅ የለም። እናቴ ግን የማኅበር ተራዋ ደርሶ ጠጁ አልተጣለም ነበርና ወንድሜን ካሴን በጠራራ ፀሐይ "ሂድ ቁረጥ" አለችው።

"እማ፣ ትንሽ ይምሽ" ቢላት፣ "ንብ ፈራህ እንዴ?" ብላ ሳቀችበት። ሄደ። ራሱንና አንገቱን ተነድፎ ማሩን አመጣ።

በሦስተኛው ቀን ጧት ከመደቡ ሲነሣ ቀኝ እጁ ተንጠልጥሎ ቀረ። አፉ ተጣመመ፤ ቃል ጠፋው። ወረታ ጤና ጣቢያ ወስደን ለድሬሰሩ አሳየነው።

"ጎንደር ሳለሁ አንድ ሰው ንብ ነድፎት እንዲህ ሆኖ አይቻለሁ" አለ። "ከስንት ሰው አንዱን ነው። መርዙ እስከ አንጎል ይደርሳል።"

"እኔስ ንቡ ነው አላልኋችሁም!" አለች የካሴ ሚስት ይርገዱ።

"ንብ ያልነደፈው ማን አለ?" አለች እናቴ። "ይኸ አፍዝ አደንግዝ ነው። ያስደረገችበትም እሷው ናት።" ሰባት ቀን ተጠምቆ ካልተናገረ ይርገዱ ጓዟን ጠቅልላ ይፋግ አባቷ ቤት እንድትገባ ፈረደች። ይርገዱን እወዳት ነበር፤ እናቴን ግን ደፍሬ አልተናገርኋትም። ዛሬም ያሳፍረኛል።

ጠበል ቦታ አባ ተክለ ማርያም እያጠመቁ መንፈሱን ይጠይቃሉ። ደንብ ነው፤ ጋኔን ስሙን ሳይናገር አይለቅም። ካሴ ስድስት ቀን ዝም አለ። በሰባተኛው ቀን ይርገዱ እንስራዋን አዝላ ዳር ቆማ ታለቅሳለች።

"በስመ ሥላሴ፣ ተናገር! ማን ነህ?"

የካሴ ከንፈር ተንቀጠቀጠ። "ን... ንብ።"

ሰዉ እልል አለ። ንብ የሚባል ጋኔን ተሰምቶ አያውቅምና አባም ትንሽ ግር ያላቸው መሰለኝ።

እናቴ አላስቻላትም። "ማን እንደላከው ይጠይቁልኝ፣ አባ!" አለች፣ ይርገዱን እያየች።

"ማን ላከህ?"

ካሴ ብዙ ታገለ። በደኅናው በግራ እጁ ወደ እናታችን ጠቆመ።

"እማ" አለ።

እልልታው ቆመ። እናቴ ነጠላዋን አፏ ላይ ያዘች።

"እውነቱን ነው፣ አባ" አለች። "እኔ ነኝ የላክሁት። በጠራራ ፀሐይ።"

ስንመለስ እናቴ እንስራውን ከይርገዱ ጀርባ አውርዳ ራሷ አዘለችው።