ማገጡን ያፈነው ሣር

አባትየው ቃል የገባላት እየቀለደ ነው። «ያን ድንጋያም ተዳፋት ሣር ካበቀልሽበት ያንቺ ነው» አላት፤ ወተት እያጠለለች ነበር። እሷ ግን ማጥለያውን አስቀምጣ ዓይኑን አየችው። ለአባቷ ጨዋታ የሆነው ነገር ለእሷ የዕድሜ ልክ ጉዳይ ነበር።

ከብቱ የአባቷ፣ ቤቱ የአባቷ፣ የምትተኛበት አልጋ እንኳ የሟች እናቷ ነው። የኔ የምትለው ቁራሽ መሬት ፈልጋ ነው እንጂ ድንጋይ መልቀም ማን ይወዳል? ለቀመች። ቀደም ሲል በሰው የከብት እርባታ ተቀጥራ ስትሠራ ያየችውን አልረሳችም። ሣር ብቻውን ከተዘራ አፈሩ ቶሎ ይሟጠጥበታል፤ ማገጥ፣ ያ ባለ ሦስት ቅጠሉ፣ አብሮት ከተዘራ ግን ከሥር ሆኖ ሣሩን ይመግበዋል፣ ማዳበሪያም አያስፈልግም። አፈሩ አሲዳማ ስለነበር ኖራ በተነችበት፣ አለሰለሰችው። ዘሩ ደቃቅ ነው፤ በስሱ አፈር አልብሳ በእግሯ ጠቀጠቀችው። ከዚያ ቡቃያው ሥር እስኪይዝ ድረስ አንዲት ላም አላስደረሰችበትም። ዱላ ይዛ አጥሩ ሥር ስትውል ያየ አባቷ «ዘበኛዋ» አላት፤ ስሙም በዚያው ጸናባት።

«ዘበኛዋ! ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ አሉ!» እያለ ሲያልፍ ሲያገድም ይስቅባት ነበር።

ሣሩ ግን ያዘ። ማገጡም አበባውን አውጥቶ መስኩን ሞላው። ላሞቹን ለምለም ማገጥ በባዶ ሆዳቸው በልተው እንዳይነፋቸው መጀመሪያ ድርቆሽ ታበላቸዋለች፤ ሣሩ ሲያጥር ታስወጣቸዋለች፣ ሲያገግም ትመልሳቸዋለች። ወተቱ ጨመረ። የደረቀውን የማገጥ አበባ በመዳፏ እያሸች ዘር ሰበሰበችና አንድ የዱቄት ወተት ቆርቆሮ ሞልታ አልጋዋ ሥር አስቀመጠች። አባቷም መሳቁን ተወ። «ዝናቡ ሲያባራ ጎረቤት ሰብስቤ፣ መሬቱን ሰው ፊት እሰጥሻለሁ» አለ።

ይሄኔ ነው ታናሽ ወንድሟ ከተፍ ያለው። የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ይመጣል፣ ያስቃል፣ ይሄዳል። ክፉ ልጅ አይደለም። ክፉ ቢሆን ይሻል ነበር፣ እንደ ልብ ይጠሉታል። እህቱ ወተት ልታደርስ በሄደችበት፣ በመኪናው ያመጣውን የዩሪያ ማዳበሪያ መስኩን ሙሉ በተነው።

ስትመለስ ባዶዎቹ ጆንያዎች አጥሩ ላይ ተሰጥተዋል።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ላግዝሽ ብዬ ነዋ፣ እትዬ። ብቻሽን ስትለፊ ማየት አላስችል አለኝ።»

«ማን ፈቀደልህ?»

«አባባ! ‹ስትመጣ ትገረማለች› አለኝ።»

ተገረመች እንጂ፣ እንዴት አትገረም።

ሣሩ ዩሪያውን ጠጥቶ ተመዘዘ፤ ከጉልበት አለፈ። መንገደኛው ሁሉ ቆም ብሎ «አቤት ልምላሜ!» ይላል። እሷ ተንበርክካ ሣሩን በሁለት እጇ ገለጥ ስታደርገው ማገጡ ብርሃን አጥቶ፣ ገርጥቶ፣ ከሥር እየከሰመ ነው። «በሬ ሆይ፣ ሣሩን አየህና ገደሉን ሳታይ» የተባለው ለበሬ ብቻ የሚመስለው ሰው ካለ የዚያን ሰሞን አባቷን ማየት ነበረበት።

«አባባ፣ ከብቱን ዛሬውኑ እናስገባበት» ብላ ለመነችው። «ሣሩ ካልተጋጠ ማገጡ ታፍኖ ይሞታል።»

«አብደሻል? እንግዶቼ ሳያዩት? አንዲት ላም እንዳትገባ!»

«እንግዶቹ እስኪመጡ ማገጡ አይቆይም።»

«አንቺ ወንድምሽ የነካው ነገር ሲያምር አይዋጥልሽም አይደል?»

ይቺ ንግግር አንጀቷን ቆረጠችው። ዱላዋን አንስታ አጥሩ ሥር ቆመች። ያኔ ቡቃያው እንዲያድግ ጠብቃዋለች፤ አሁን እንዲሞት ትጠብቀዋለች።

ዝናቡ ሲያባራ ጎረቤቱ ተሰበሰበ። አባትየው ግቢው መሀል ቆሞ ድምፁን ጠረገ። «መሬት ለሚያውቅበት ሰው ነው። ልጄ በአንድ ቀን ያደረገውን ያው በዓይናችሁ አያችሁ። መስኩ የእሱ ነው። እሷ ትጠብቅለታለች፣ እንደሆነ ለምዳዋለች።»

ሰዉ አጨበጨበ። ወንድሟ ፊቱ ቀላ። «አባባ፣ እትዬ እኮ ናት...» ብሎ ጀመረ። አንድ ጎረቤት ጀርባውን መታ መታ አድርጎ እንኳን ደስ አለህ ሲለው ግን ፈገግ አለ፤ የጀመረውንም እዚያው ዋጠው። እህቱን ከመሬቱ በላይ የቆጫት ያቺ ሳትጨረስ የቀረች ቃል ናት።

በማግስቱ መኪናውን አስነስቶ ሄደ። በቀጣዩ ዝናብ ዩሪያ የሚበትን ሹፌር አልነበረም፣ ከሥር የሚመግብ ማገጥም አልነበረም። ሣሩ ቢጫ ሆነ፤ ማገጡ የሞተበት ቦታ ሁሉ ተገልጦ እሾህ በቀለበት። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባል የለ። ወተቱ ሲቀንስ አባትየው በረቱ በር ላይ መጣ።

«ዘበኛዋ፣ መስኩን ችላ ብለሽው ነው እንዴ?»

እሷ ፉርሽካውን ገንዳው ላይ መገልበጧን ቀጠለች።

«ያ የለቀምሽው ዘር አለ አይደል? አምጪና መልሰሽ ዝሪው እንጂ! የወንድምሽ መሬት ራቁቱን ይቅር?»

ወደ ቤት ገባች። ቆርቆሮውን ከአልጋዋ ሥር ስታወጣ የሞላ ስለነበር ከበዳት። ወደ በረቱ ተመለሰች፣ ክዳኑን ከፈተች፣ አባቷ እያየ ዘሩን ገንዳው ላይ ገልብጣ ከፉርሽካው ጋር አሸችው። እንባዋ ይወርዳል። ላሞቹ አንገታቸውን አስግገው ላሱት።

«ምን እያደረግሽ ነው? ዘሩ! ዘሩን እኮ!»

«ለከብት ብዬ ነበር የለቀምኩት» አለች፤ ቆርቆሮውን የገንዳው ጠርዝ ላይ አራገፈችው። «ከብት በላው።»