የልጄ ግማሽ ፈረስ

ልጄ ግማሽ ፈረስ ፍለጋ አራት ወር ተንከራትታለች። ሙሉ ፈረስ ለኛ ቤት የሚታሰብ አይደለም። ፈረስ ያለው ሰው በየቀኑ የሚጋልብበት ጊዜ ሲያጣ ሳምንቱን ለሁለት ከፍሎ ለሌላ ጋላቢ ያካፍላል፤ ግማሽ የሚሉት ይሄንን ነው። መጀመሪያ ስትነግረኝ ሳቄ መጣ።

«የትኛው ግማሽ ነው የሚደርሰን?» አልኳት። «የሚበላውን ወገን እነሱ ወስደው የሚያራውን ለኛ እንዳያሸክሙን።»

«እማዬ ደግሞ!» ብላ ጀርባዋን ሰጠችኝ። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው። ኩርፊያዋ ከኔ የወረሰችው ስለሆነ ቶሎ አይለቅም።

ማስታወቂያ በእጇ ጽፋ መኖ መሸጫው ግድግዳ ላይ ለጠፈች። ቀላል ነኝ፣ አልፈራም፣ ጋጣ ማጽዳት እችላለሁ ብላ ነው የጻፈችው። የመጣልንን ጉድ ብታዩ! አንዱ ዓይኑን በጨው ታጥቦ በሦስት እግሩ የሚያነክስ ፈረስ አወጣና «ሰውነቱ ሲሞቅ ይስተካከላል» አለኝ። ሌላዋ ደግሞ ልጄ ሰባቱንም ቀን ጋጣ እንድትጠርግላት፣ በአሥራ አምስት ቀን አንዴ ፈረሱ ላይ እንድትወጣ ነበር ያሰበችው። «የምታካፍዪን ፈረሱን ነው አካፋውን?» ብዬ ስልኩን ጆሮዋ ላይ ዘጋሁት። ልጄ ሁለት ቀን አላነጋገረችኝም። በመዝጋቴ ግን ደግ አደረግሁ፣ ዛሬም ቢሆን እዘጋዋለሁ።

በመጨረሻ አንዲት የጥርስ ሐኪም ማስታወቂያውን አይታ ደወለች። ዳማ የሚባል ፈረስ አላት፣ የገዛችው ለልጇ ነው። ልጅቷን ጋጣው ውስጥ ያለ ሰው ሁሉ ረጅሟ ነው የሚላት። አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው፣ ትምህርቱ ሲበዛባት ፈረሱ ታስሮ ይውላል። ሦስት ቀን ለረጅሟ፣ ሦስት ቀን ለልጄ፣ አንድ ቀን ደግሞ ዳማ ያርፋል ተባባልን። ልጄ ግንባሯን የዳማ አንገት ላይ ደግፋ ዓይኗን ጨፍና ቆመች። እሱም ቆመላት። ያን ጊዜ ነው፣ ይሄን ፈረስ ማንም አይነጥቃትም ብዬ በልቤ የማልኩት።

ለመኖው የምናዋጣው ስላልነበረን በሙያዬ እገባለሁ አልኩ። እኔ ሶፋ ሰፊ ነኝ። ከአራተኛ ክፍል ወጥቼ እናቴ ሥር ቁጭ ብዬ ፍራሽ፣ ትራስ፣ የሶፋ መቀመጫ ስሞላ ሠላሳ ዓመት አለፈኝ። የዳማ ኮርቻ ከሥሩ፣ የፈረሱ ጀርባ ላይ የሚያርፉት ሁለት ትራሶች ሙተው እንጨቱ በእጅ ይዳሰስ ነበር። እሞላዋለሁ አልኳት፤ ሐኪሟ ደስ አላት፣ ተጨባበጥን።

ባልደራሱ ግን መጣብኝ። የጋጣው አዛዥ እሱ ነው፤ ዕድሜውን ሙሉ ከፈረስ ጋር የኖረ ሽማግሌ፣ ሲሄድም እንደ ፈረስ ነው።

«በምንድን ነው የምትሞዪው?» አለኝ።

«በጥጥ ነዋ።»

«ለኮርቻ የበግ ፀጉር ነው።»

«ጋሼ፣ እኔ ፈረስ እንዴት እንደሚታሰር አስተምሬዎት አውቃለሁ?»

«ኧረ በፍጹም።»

«እንግዲያው ይተዉኝ።»

ፈገግ አለና «እሜቴ፣ ፈረስ እኮ ሶፋ ላይ አይቀመጥም። ሶፋው ነው ፈረሱ ላይ የሚቀመጠው» አለኝ። ጋጣ የሚጠርጉት ሁሉ ሳቁ። ደሜ ፈላ። ከዚያ በኋላ የበግ ፀጉሩን በነፃ ቢያሸክሙኝ እንኳ እጄን አላስነካውም ነበር። ያለኝን ምርጥ ጥጥ አወጣሁ። ከጎኔ ተቀምጣ የባዘተችልኝ ልጄ ናት። ሞላሁት፣ ሰም በነካ ክር ሰፋሁት፣ ሐኪሟም እጇን አሳርፋበት «ትራስ እኮ ነው!» አለች። ባልደራሱ አየውና ወደ ጋጣው ገባ።

ወር ሳይሞላ ልጄ ኮርቻውን ልትወለውል ቤት ይዛው መጣች። መዳፏን ከሥሩ አስገብታ ስትዳብስ ቆየችና «እማዬ፣ እዚህ ጋ ጠጠር ብሏል» አለችኝ።

«አዲስ ነገር ነው፣ ይለመዳል» አልኳት። መርፌዬ ላይ ነበርኩ፣ ቀና እንኳ አላልኩም።

ከዚያ አሥር ቀን ቢሆን ነው። ልጄ በራሷ ቀን፣ ገና ፀሐይ ሳትበረታ፣ ጫማዋን በእጇ አንጠልጥላ ተመለሰች። ዳማ ተገጥቧል። ኮርቻው በላው፣ ጀርባው ቆስሏል። ሐኪሟ ቁስሉ የታየው ልጄ በጋለበች ማግስት ነው ብላ፣ ኮርቻውን አጣማ ጭናው ነው ብላ፣ ቀኖቿን ሰርዛባታለች።

«አጣመሽ ነው የጫንሽው?»

«አይደለም።»

«ታዲያ ምን አልሻት?»

«ምንም።»

«አፍሽ የት ሄዶ ነው?»

«ተይው በቃ። ፈረስ አልፈልግም።»

አልፈልግም! አራት ወር ሙሉ ግድግዳ ላይ ስትለጥፍ የከረመች ልጅ፣ ከጫማዋ ጋር ተቃቅፋ የምትተኛ ልጅ! ሌላም ነገር ከአፏ አወጣሁ። ሐኪሟ «ዕቃ አያያዝ ያልለመደች ልጅ ናት» ብላለች፣ ልጄ እዚያው ቆማ እየሰማች። እኔ ቤት ዕቃ አያያዝ? እኔ ቤት መርፌ ብትጠፋ ሳትገኝ እራት አይበላም! መቁረጫ ቢላዬንና ወስፌዬን ከመሳቢያ አውጥቼ በመጠቅለያዬ አሰርኩና ወጣሁ። ልጄ ከኋላዬ እየሮጠች «እማዬ፣ ኮርቻውን አትክፈቺው» ትለኛለች። ጠብ ፈርታ መሰለኝ።

ስደርስ ሐኪሟ፣ ረጅሟና ባልደራሱ ጋጣው ደጃፍ ቆመዋል። ዳማ ታስሯል። ከአከርካሪው ግራና ቀኝ ሁለት እብጠት፤ የግራው ቆዳው ተገሽልጦ ዝንብ ወሮታል። ሳየው ይባስ ተናደድኩ።

«እንኳን መጡ» አለች ሐኪሟ። «ልጅዎ ላይ ክፋት የለኝም፣ ግን ገና ልጅ ናት፣ ኃላፊነቱ ከበዳት።»

«ልጄ ላባ ናት» አልኩ። «ላባ ፈረስ አይገጥብም። የገጠበችው ያቺ ያንቺ ረጅም ናት። በዓይኔ አይቻታለሁ፣ ስትጋልብ ወደ ግራ ጋደል ትላለች፣ በአንድ በኩል ጎማው እንደተነፈሰ መኪና!»

«እኔ?» አለች ረጅሟ።

«አዎ አንቺ! ትራሱ ይናገራል። ሠላሳ ዓመት የሰው መቀመጫ ሳይ የኖርኩ ነኝ። ባል የተቀመጠበትንና ሚስት የተቀመጠችበትን ሶፋው ነግሮኝ አውቃለሁ።»

ኮርቻውን ከተሰቀለበት እንጨት አውርጄ ቁጭ አልኩና ጭኔ ላይ ገለበጥኩት። «እማዬ፣ በናትሽ አትክፈቺው» አለች ልጄ። ክሩን በቢላዬ በጠስኩት፣ እጄን ወደ ግራው ትራስ ሰደድኩ። ያገኘሁትን እነግራችኋለሁ። ጠጠር ነው ያገኘሁት። ጥጡ የፈረሱን ላብ ጠጥቶ፣ ደርቆ፣ ጋላቢ ተጭኖት፣ እንደገና ጠጥቶ፣ ተቋጥሮ ተቋጥሮ እንቁላል አክሎ ነበር። ቢጫ ሆኗል፣ ይሸታል። ትልቁ ቋጠሮ የነበረው ልክ ዳማ በቆሰለበት ቦታ ነው።

ፍራሽ ለምሞላለት ሰው ሁሉ የምናገረው አንድ ነገር አለ። ጥጥ ርጥበት ከነካው ቶሎ አውጥታችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፣ ካልሆነ ይቋጠርና ጎናችሁን ይወጋችኋል እላቸዋለሁ። ሠላሳ ዓመት ብያለሁ። ፈረስ ያልበዋል፣ በየቀኑ ያልበዋል። የበግ ፀጉር ላቡን ችሎ ተመልሶ ይነፋል። ይሄን ለማወቅ ትምህርት ቤት መግባት አያስፈልግም። ሽማግሌው ነግሮኛል።

ሐኪሟ ቋጠሮውን መዳፌ ላይ አየችው። ከግራው ትራስ መውጣቱን ብቻ ነው ያየችው፤ ዘወር ብላ ልጇን ያዘቻት። «አየሽ? ቀጥ ብለሽ ተቀመጪ ስንቴ አልኩሽ? አየሽ አሁን?» ረጅሟ ዓይኗ እንባ ሞላ። «እኔ እኮ አልጋደልም» አለች በቀጭን ድምፅ።

የመጣሁበት ነገር በእጄ ገባ ማለት ነው። መልሼ ብሰፋው ያልቅ ነበር። ባልደራሱ ቋጠሮውን አየ፣ እኔን አየ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ ያልተፈታ የጫማ ማሰሪያውን ማሰር ጀመረ። ዝም ሊልልኝ ነው! ይሄ ሽማግሌ ሊያዝንልኝ ነው! ከስድብ ይብሳል። ወደ ልጄ ዞርኩ። መሬት መሬት ታያለች። ያን ጊዜ ገባኝ። መዳፏን ከሥሩ ካስገባችበት ቀን ጀምሮ ታውቃለች። ሐኪሟ ስታባርራት አፏን የዘጋችው የእናቷ ጥጥ ነው ላለማለት ነው። ፈረሷን በኔ ለውጣለች። ማን ለውጪ አላት?

«ልጅቷን ተያት» አልኩ።

«ምን አሉ?»

«ተያት አልኩሽ! ጥጡ የኔ ነው።» የቀኙንም ትራስ በጠስኩትና ቋጠሮዎቹን አንድ በአንድ እግራቸው ሥር ጣልኩላቸው። «ይኸው፣ ቀኙም ያው ነው። ማንም አልተጋደለም። በበግ ፀጉር ሙዪው ብለውኛል ጋሼ፣ እኔ ነኝ እምቢ ያልኩት።»

ሐኪሟ ወደ እኔ ዞረች። ስትናገር «እርስዎ» የሚባለው ነገር ቀርቷል። «እና ፈረሴን የበላው ያንቺ እልህ ነው?»

«አዎ።»

«ልጅሽን ያባረርኳትም ባንቺ ጥፋት ነዋ!»

«እሱስ አይደለም። ልጄን ያባረርሻት ሳትጠይቂያት ነው። እሱን ለኔ እንዳትሰጪኝ፣ የራሴ ይበቃኛል።»

ፊቷ ቀላ። «ኮርቻውን ኮርቻ ሰፊ ጋ እወስደዋለሁ። አንቺ እንዳትነኪው።»

«እነካዋለሁ። ያበላሸሁት እኔ ነኝ።»

«አትነኪውም!»

«እነካዋለሁ!»

«ሁለታችሁም ዝም በሉ» አለ ባልደራሱ ከጫማው ቀና ብሎ። «ፈረሱን አስበረገጋችሁት።» እውነቱን ነው፣ ዳማ ጆሮውን አጣብቆ ነበር። «እዚሁ፣ እኔ ፊት ትሞላዋለች። በበግ ፀጉር። ጀርባው ድኖ ኮርቻው ካማረ የልጅቷ ግማሽ እንደነበረ ይሁን። ካላማረ ይቅር። ዶክተር፣ ይስማማሻል?»

ሐኪሟ ልጄን አየቻት፤ ከመጣሁ ጀምሮ ገና ያን ጊዜ ነው ያየቻት። «ይሁን» አለች። ይቅርታ አላለቻትም። ረጅሟም በዚያ የጎማ ስድብ እስከ ዛሬ አታናግረኝም፤ እውነቷን ነው።

ከአንድ ወር በላይ ማንም ዳማ ላይ አልወጣም። በሦስቱ ቀኖቿ ልጄ በገመድ እየሳበች ታዞረዋለች፤ እኔ ደጃፉ ላይ በርጩማ ይዤ የበግ ፀጉር እባዝታለሁ። እሾህ አለው፣ ገለባ አለው፣ ቅባቱ ጣት ላይ ይጣበቃል። ባልደራሱ ከእጄ እየመነተፈ ወደ ፀሐይ ያየውና «ይሄ ገና ነው» ብሎ መልሶ ይጥልልኛል። አንድ ቀን «እሜቴ፣ ሶፋው እንዴት ነው?» አለኝ። ወስፌው በእጄ ስለነበረ አላህ ሠውሮታል። ልጄ በአጠገቤ ስታልፍ ገመዱን ይዛ ቀጥ ብላ ታልፋለች፤ ከፈረሱ ጋር ታወራለች፣ ከኔ ጋር አታወራም።

ጀርባው ድኖ ፀጉር ማብቀል ሲጀምር ኮርቻውን ጨረስኩ። ባልደራሱ ሁለት መዳፉን ከሥሩ አስገብቶ ከዳር እስከ ዳር ሄደበት። «አምሯል» አለ። ሐኪሟም ዳሰሰችው፣ በእሺታ ራሷን ነቀነቀች። እኔም አንድ መቶ ጊዜ ዳስሼዋለሁ፣ ምንም የለውም። ሰም የነካውን ክር ቋጭቼ ነበር። ግማሹ ተመለሰ ማለት ነው፣ ተነሥቼ ቤቴ መሄድ ነው የቀረኝ።

«አንቺ!» ብዬ ልጄን ጠራኋት። «ነይ ዳሰሺው።»

መጣች። መዳፏን አስገባች፣ ዓይኗን ጨፈነች፣ ቀስ ብላ ሄደችበት። ግራው ላይ ስትደርስ ቆመች። ሐኪሟን አየች፣ ባልደራሱን አየች፣ ከዚያ እኔን አየች፣ አፏን ያዝ አደረገች።

«ተናገሪ!» አልኳት።

«እዚህ ጋ ጠጠር ብሏል።»

«ኧረ ምንም የለውም፣ እኔ አይቼዋለሁ» አለ ባልደራሱ።

ደሜ እስከ ጆሮዬ ወጣ። ወር ሙሉ እጄ እስኪላጥ ባዝቼ! ቢላዬን አነሣሁና ክሩን በጠስኩት፤ እጄን ሰድጄ ጣቷ ያረፈበት ቦታ ላይ ስፈልግ ከእህል የማይበልጥ፣ ፀጉር ውስጥ የተሸጎጠ እሾህ ወጣ። ለባልደራሱ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

«ፈረሱን አዙሪው» አልኳት ልጄን። «ኮርቻው ለዛሬ አልደረሰም።»