የአሥራ አራት ቁጥሯ ልጅ

1

«አንቺ ነሽ አይደል?» አለኝ። «ታምሜ በተኛሁ ጊዜ አጥሚት ታመጪልኝ የነበርሽው።»

አዎ አልኩት።

አልነበርኩም።

2

ከመካከል መጀመሬን አውቃለሁ። ከመጀመሪያው ብነሳ ኖሮ ታዝኑልኝ ነበር፤ ከማዘናችሁ በፊት መዋሸቴን እንድታውቁ ፈለግሁ።

እታገኝ እባላለሁ። አርባ አራት ዓመቴ ነው። አሰላ ውስጥ በአንድ የዘር ላቦራቶሪ እሠራለሁ። መቶ የስንዴ ፍሬ እርጥብ ወረቀት ላይ እደረድርና በስምንተኛው ቀን ስንቱ እንደበቀለ ቆጥሬ እጽፋለሁ። እናቴ ካረፈች ወዲህ ቤት ውስጥ የሚሰማው የኔ ኮቴ ብቻ ነው። ይህን የምለው ለማማረር አይደለም። የሆነው ስለሆነ ነው።

3

ከእርሻ ኮሌጅ የተመረቅንበት ሃያኛ ዓመት አዳማ ላይ ይከበራል ተባለና በቴሌግራም ቅጽ ተላከልን።

ሙሉ ስም፦ እታገኝ ወልደየስ
የሥራ መስክ፦ ዘር ጥራት
የጋብቻ ሁኔታ፦ ያላገባች
የልጆች ብዛት፦ —
አብሮ የሚመጣ የቤተሰብ አባል፦ —
ለጓደኞችዎ የሚያስተላልፉት መልእክት፦ ሰላም ለሁላችሁ

ቅጹን ለመሙላት አራት ቀን ፈጀብኝ። ሁለቱን ሰረዞች ለማስመር ሦስቱ ቀን ሄደ።

4

አዳራሹ ውስጥ ሁሉም ሁለት ነገር ነው የሚጠይቀው። ምን ላይ ነሽ? ስንት ወለድሽ?

የመጀመሪያውን ስመልስ እጃቸው ትከሻዬ ላይ ነው። ሁለተኛውን ስመልስ ይነሳል። ክፋት ኖሯቸው አይደለም፤ ቀጥሎ የሚጠይቁት ነገር ስለሚያጡ ነው። አንዷ የሦስት ልጆቿን ፎቶ በስልኳ አሳየችኝ። ታድለሽ አልኳትና ስልኩን መለስኩላት። እሷም የኔን ለማየት ጠበቀች። የኔ ስልክ ውስጥ ያለው የበቀለ ስንዴ ነው።

ከምሳ በፊት በየተራ እየተነሳን ስማችንን፣ የተማርነውን ትምህርትና የነበርንበትን የማደሪያ ክፍል ቁጥር እንድንናገር ተደረገ። እታገኝ፣ ሰብል ልማት፣ አሥራ አራት ቁጥር ብዬ ተቀመጥኩ።

ያን ጊዜ ነው ከወዲያኛው ጥግ አንድ ሰው ወንበሩን ገፍቶ የተነሳው።

5

አንቺ ነሽ አይደል ያለኝ እሱ ነው፤ ጥበቡ ይባላል። መስኖ ነበር የሚያጠናው፤ በኮሌጅ ሳለን ሰላምታ እንኳ አልነበረንም። በመጨረሻው ዓመታችን፣ ተማሪው ሁሉ ለእረፍት ወደየቤቱ ሲሄድ፣ ታይፎይድ ጥሎት ኮሌጁ ክሊኒክ ውስጥ ቀረ። ዘጠኝ ቀን ሙሉ አንዲት ልጅ አጥሚት እየሠራች በፔርሙዝ አመላለሰችለት። ትኩሳቱ ፊቷን በደንብ እንዲያይ አልፈቀደለትም። ስሟን ሲጠይቃት የአሥራ አራት ቁጥሯ ልጅ በለኝ ብላው ስቃለች። ከዚያ ወንድሙ መጥቶ ወደ አገር ቤት ወሰደው፤ አንድ ዓመት አቋርጦ ሲመለስ እኛ ተመርቀን ወጥተናል፤ አብሮን የገባ ስለሆነ ግን በዓሉ ላይ ተጠርቷል።

ይህን ሁሉ ቆመን ነገረኝ። ባለቤቱን ሐዊን ጠራት፤ ይቺ ናት እኮ አላት። ሐዊ እጄን በሁለት እጇ ያዘች፤ ዓይኔን እያየች ትንሽ ቆየች።

ለእሑድ ምሳ ቤታቸው ጠሩኝ።

6

እውነቱ፦

አሥራ አራት ቁጥር ውስጥ ሁለት ነበርን። እኔና ውብአለም። አጥሚቱን የሠራችው ውብአለም ናት። አንድ ልጅ ታሟል፣ ሰው የለውም፣ ቆይተን ተራ በተራ እናስታመው ብላ ለመነችኝ። አላውቀውም አልኳት። በነጋታው በመጀመሪያው አውቶቡስ ቤቴ ገባሁ።

ከተመረቅን በኋላ ለብዙ ዓመት እንደዋወል ነበር። እናቷ የሞተች ጊዜ ደውላ ነገረችኝ። ሥራ በዝቶብኝ ነበር፤ በሚቀጥለው ሳምንት እሄዳለሁ አልኩ። ሳምንቱ ወር ሆነ። ከወር በኋላ ለቅሶ መድረስ ያሳፍራል። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት።

7

ሰው ቤት ለምሳ ስትጠሪ እንዲህ አድርጊ።

ጠዋት ቀሚስሽን ተኩሺ። ከአሰላ ወደ አዳማ ሚኒባስ ያዢ፤ ለልጆቹ ብርቱካን ግዢ። ሐዊ በሳምንቱ ውስጥ ደውላ ሥጋ ትበዪ እንደሆነ እንደጠየቀችሽ አትርሺ። ምን እንደምትበዪ ሰው ከጠየቀሽ ስንት ዓመት እንደሆነው ግን አትቁጠሪ።

መንገድ ላይ ክሊኒኩን አስቢ። መስኮቱ በየት በኩል ነበር? ብርድ ልብሱ ምን ዓይነት ነበር?

አላየሽውም።

8

ሁለት ሴት ልጆች አሏቸው። ትልቋ አክስቴ ብላ ሳመችኝ። ትንሿ፣ ናርዶስ፣ የስምንት ዓመት ልጅ ናት፤ ማዕድ ከቀረብን ጀምሮ ዓይኗን ከኔ አልነቀለችም። እነዚህን ቃላት እንዳሉ ነው የማስታውሳቸው።

ናርዶስ፦ አጥሚቱ ምን ነበረው?

እኔ፦ የአጃ ዱቄት፣ ቅቤ፣ ትንሽ ማር።

ናርዶስ፦ አባዬን ታውቂው ነበር?

እኔ፦ አላውቀውም ነበር።

ናርዶስ፦ ካላወቅሽው ለምን አመጣሽለት?

9

ለምን።

የአጥሚቱን አሠራር ውብአለም ነግራኛለች። ለምን እንዳመጣች ግን እኔ ልመልሰው የምችለው ነገር አልነበረም። ሁሉም ይጠብቁኛል። ጥበቡ መልሱን አስቀድሞ የወደደው ይመስል ፈገግ ብሏል።

«እኔ አይደለሁም» አልኩ። «ውብአለም የምትባል ልጅ ናት። እኔ በአውቶቡስ ሄጃለሁ።»

 

 

 

ጥበቡ ተነስቶ ወደ ግቢ ወጣ። ሐዊ ልጆቹን ወደ ጓዳ ላከቻቸውና ከአጠገቤ ተቀመጠች። አዳራሹ ውስጥ እጅሽን ስይዝ ለምን ደነገጠች ብዬ ነበር አለችኝ። እሱ ግን ያቺን ልጅ ለዓመታት ሲፈልግ ስለኖረ ሐዊ ደስታውን ልትነጥቀው አልደፈረችም።

ቦርሳዬን አነሳሁ። በር ላይ ከጥበቡ ጋር ተገጣጠምን። ዓይኑ ቀልቷል። አልተቆጣም፤ ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር። ስሟን አስደገመኝና ሁለት ጊዜ ለራሱ ተናገረው። ከዚያ በሕይወት አለች ወይ አለኝ። እንደማላውቅ፣ የድሮ ቁጥሯ ግን ስልኬ ውስጥ እንዳለ ነገርኩት።

«እኔ ከመደወሌ በፊት አንቺ ደውዪላት» አለ። «የኔ ምስጋና ይቆያል።»

ቦርሳዬን ከእጄ ወስዶ ወደ ውስጥ ገባ። ወደ ማዕድ ተመልሰሽ ግቢ ማለቱ ይሁን፣ ሳትደውዪ አትሄጂም ማለቱ ይሁን አልነገረኝም።

10

ከቀኑ ስምንት ሰዓት። ግቢው ውስጥ አንድ የማንጎ ዛፍ አለ፤ ከሥሩ የልጆች ጫማ ተበትኗል። ጥላው ውስጥ ቆሜ ደወልኩ።

አይሠራም ብዬ ነበር። ጠራ።

ለረጅም ጊዜ ጠራ። ልዘጋው ስል ተነሳ። ከጀርባ የውሃ ድምፅ ይሰማል፤ ዕቃ እያጠበች ይሆናል። የምለውን አላዘጋጀሁም ነበር። ውብአለም ነሽ ወይ ብዬ ጠየቅሁ።

ውሃው ቆመ።

«ነኝ» አለች። «ማን ልበል?»