ሁለት ፎቅ ከእናቷ በታች

ነርሷ የሽማግሌውን ክንድ በላስቲክ አስራ ደም ሥር በመፈለግ ላይ ሳለች ኪሷ ውስጥ ያለው ስልክ ለሦስተኛ ጊዜ ነዘረ። አላነሳችውም። ከእሷ በፊት ሁለት ሰዎች ሞክረው ክንዳቸውን አበላልዘውት ስለሄዱ፣ ሽማግሌው ከዚህ በኋላ ደም ሥሩን የሚስት ሰው ካለ ክንዳቸውን እንደማይሰጡ ተናግረው ነበር። ዓይኗን ጨፈነችና በጣቷ ጫፍ ቆዳቸውን ቀስ እያለች ዳሰሰች።

"ዓይንሽን ጨፍነሽ ነው እንዴ የምትወጊኝ?"

"ዓይናቸውን ገልጠው የወጉዎትማ ይኸው አበለዙዎት፣ አባቴ።"

ሽማግሌው ሳቃቸውን ሲጀምሩ መርፌው ገብቶ ነበር። ላስቲኩን ፈታች፤ ቱቦውን በፕላስተር ለጠፈች፤ የግሉኮሱን ጠብታ አስተካከለች። እዚህ ሆስፒታል ከመጣች ገና አንድ ወሯ ነው፤ ቢሆንም በውስጥ ደዌ ክፍል የተኙት በሽተኞች መርፌ በታዘዘላቸው ቁጥር "ያቺ አዲሷ ትምጣልን" ማለት ጀምረዋል።

እጇን ታጥባ ወደ ኮሪደሩ ወጣችና በማታውቀው ቁጥር መልሳ ደወለች። ያነሱት የትልቋ ልጇ ትምህርት ቤት ምክትል ርዕሰ መምህር ነበሩ። ሰላምታውን አሳጥረው፣

"ልጅዎ ተሻላት?" ሲሉ ጠየቁ።

"ምን ሆና?"

"ትምህርት ቤት ካልመጣች እኮ ዛሬ ዘጠኝ ቀን ሆናት። ታማ መስሎኝ ነበር።"

"አዎ፣ ትንሽ አሟት ነው" አለች ነርሷ። "ነገ ትመጣለች።"

ስልኩን ዘጋች። ውሸቱ ከአፏ የወጣው እሷ ሳታዘው ነበር። በዚያው ጠዋት የልጅቷን የደንብ ልብስ ኮሌታ በገዛ እጇ አስተካክላላታለች። ቦርሳዋን አንግታ፣ ታናሽ እህቷን ሚጣን በእጇ ይዛ ከግቢው ስትወጣ በመስኮት አይታታለች። አሥራ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ዋሽታ አታውቅም።

ለቤት አከራይዋ ደወለች። ሴትዮዋ የሁሉንም በር ቁልፍ አንገታቸው ላይ አንጠልጥለው ስለሚዞሩ ትንሿ ልጅ "እማማ ቁልፍ" የሚል ስም አውጥታላቸዋለች።

"እነሱማ ጠዋት እንደወጡ ናቸው፤ ቤቱ ዝግ ነው። ምነው፣ በሰላም?"

"በሰላም ነው፣ ምንም የለም።"

የነርሶቹ አለቃ ማትሮኗ ጠረጴዛዋ ላይ የሳምንቱን ተረኞች ዝርዝር እያወጣች ነበር። ነገረ ሥራዋ ሁሉ ቀጥ ያለ፣ ሲያስቋት የማትስቅ ሴት ናት። ነርሷ በሩ ላይ ቆማ፣ "ልጄ የት እንዳለች አላውቅም፤ ፍቀጂልኝ" ስትላት በመነጽሯ አናት አየቻት።

"አባቷ ጋር ተደወለ?"

"ሩቅ ነው። ለሥራ ሄዶ ነው።"

ማትሮኗ ከወትሮው ረዘም ላለ ጊዜ አየቻት። "ሂጂ" አለች። "አልጋዎችሽን እኔ አያቸዋለሁ።"

ነርሷ ደረጃውን ሁለት ሁለት እየረገጠች ወረደች። የታያት የአውቶቡስ መናኸሪያው ነበር። ልጅቷ ወደ ድሮው ከተማ፣ ወደ ጓደኞቿና ወደ አክስቷ ቤት ሄዳለች ብላ ደመደመች። ብትሄድስ ይፈረድባታል? ዕቃ ጠቅልለን እንሂድ ሲባል ያማከራት ሰው አልነበረም።

ከተማ የቀየረችው እናትየው በገዛ ፈቃዷ ነው። ባሏ ሃያ ዓመት ሙሉ ሰው መኪና መንዳት ሲያስተምር ኖረ። በዚያ ከተማ መሪ ከጨበጠው ሰው ግማሹ የእሱ ተማሪ ነው። ጉበቱን ታሞ፣ እሷ በምትሠራበት ሆስፒታል ሰባት ቀን ተኝቶ ከሞተ በኋላ መንገድ መሻገር እንኳ መከራ ሆነባት። ታክሲው ይቆማል፤ የጭነት መኪናው ይቆማል። አንድ ትልቅ ሰው ከጋቢናው ወርዶ፣ "እትዬ፣ እኔን ዳገት ላይ መኪና ማስነሳት ያስተማረኝ እሱ ነው" ይልና እንባውን ያፈሰዋል። ከኋላ ጥሩምባ ይጮሃል። እሷ መሃል መንገድ ላይ ቆማ የሰው ትከሻ ትደባብሳለች። ስትሄድ ማጽናናት፣ ስትመለስ ማጽናናት ሆነ። ለራሷ የምታለቅስበት ጊዜ አጣች። በመጨረሻ ማንም ከእሱ መንዳት ወዳልተማረበት ከተማ ዝውውር ጠየቀች። እዚህ መኪና አይቆምላትም። መጀመሪያ ሰሞን እፎይ ብላ ነበር፤ አሁን አሁን ግን መንገድ ስትሻገር አንድ እንኳ ቀና ብሎ የሚያያት ሹፌር ሲጠፋ ሆዷ ይባባል።

የሠራተኛው መውጫ በጀርባ በኩል ነው። እሷ ግን ለመናኸሪያው ስለሚቀርብ በተመላላሽ ሕክምና አዳራሽ አቋርጣ ወደ ዋናው በር ሮጠች። በሩ ላይ ያሉት የጥበቃ ሠራተኛ ከወንበራቸው ብድግ አሉ።

"ሲስተር፣ ዛሬ በዚህ በኩል መጣሽ? ልጅሽ እኮ ገና ምሳዋን መብላቷ ነው፤ ቀስ በይ።"

"የትኛዋ ልጄ?"

"ያቺ መጽሐፍ የማትለቀው ናታ። 'እናቴ ሁለተኛ ፎቅ ናት' ስትለኝ ከካርድ ክፍሉ ፊት ለፊት ቦታ ሰጠኋት። በየቀኑ ስትመጣ የምታውቂ መስሎኝ ነበር።"

ዞር አለች። በረጅሙ የእንጨት ወንበር ጫፍ፣ አንዲት የምታስል አሮጊትና ሕፃን ታቅፋ ከተቀመጠች ሴት ጎን፣ ልጇ በደንብ ልብሷ ተቀምጣለች። ጭኗ ላይ የጂኦግራፊ መጽሐፍ ተዘርግቷል። በአንድ እጇ ጠዋት እናቷ የጠቀለለችላትን ዳቦ ይዛለች። መጽሐፉን ግን አታነብም፤ ዓይኗ ሊፍቱ ላይ ተተክሏል።

ነርሷ ከደረጃው ስትወርድ በቁጣ የምትናገረውን አዘጋጅታ ነበር። አጠገቧ ስትደርስ ግን ሁሉንም ትታ ወንበሩ ላይ ተቀመጠች። ልጅቷ አልደነገጠችም። ዳቦዋን በወረቀቱ መልሳ ጠቀለለች።

"እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?"

"እጠብቃለሁ።"

"ምን?"

"መጀመሪያ የቀረሁ ቀን ጠዋት ራስሽን ሲያዞርሽ፣ ግድግዳ ይዘሽ ቆመሽ ነበር። ምን ሆንሽ ስልሽ፣ 'ደህና ነኝ፤ አንቺ ሂጂ፣ እንዳይረፍድብሽ' አልሽኝ።"

"ራት ሳልበላ ተኝቼ ነው እኮ፣ የኔ እናት። ሌላ ነገር የለብኝም።"

"ያኔም እንደዚያ ነው ያልሽኝ። በዚያው ድምፅ።"

ያኔ የተባለው መቼ እንደሆነ መጠየቅ አላስፈለጋትም። ከስምንት ወር በፊት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ ልጅቷ ትምህርት ቤት ከመሄዷ በፊት አባቷን ልታይ ሆስፒታል መጥታ ነበር። እናቷ ኮሪደር ላይ አገኘቻትና፣ "ሌሊቱን ሾርባ ጠጥቷል፤ ደህና ነው። አንቺ ሂጂ፣ ስትመለሺ ታዪዋለሽ" ብላ ከደረጃው መለሰቻት።

"የሂሳብ ፈተና ላይ ነበርን" አለች ልጅቷ። "አጎቴ መጣና 'አባትሽን ትንሽ አሞታል' አለኝ። ቤት ስደርስ ሰው ሁሉ ጥቁር ለብሷል። ከሞተ ሁለት ሰዓት አልፎት ነበር።"

"እንዲያ ሆኖ እንዳታዪው ብዬ ነው።"

"ማየት ፈልጌ ነበር።"

የካርድ ክፍሉ ሠራተኛ የበሽተኛ ቁጥር ጠራ። አሮጊቷ እያሳለች ተነሳች። ልጅቷ እግሯን ሰብስባ አሳለፈቻትና ድምጿን ዝቅ አድርጋ ቀጠለች።

"እዚህ ከሆንኩ ማንም ሳይነግረኝ አውቃለሁ። ተሸፍኖ የሚወርድ ሰው ካለ እግሩን ነው የማየው። ያንቺን ጫማ አውቀዋለሁ።"

በሥራ ዘመኗ ስንት ሰው ዓይኗ እያየ አርፏል፤ ስንት መርዶ ሲነገር አጠገብ ቆማለች። እንዲህ የወጋት ቃል ግን የለም። ነጭ ጫማዋን አየች፤ የግራው ተረከዝ ላይ አዮዲን ፈስሶበት የቀረ ቡኒ ምልክት አለ። ልጅቷ ዘጠኝ ቀን ሙሉ ያንን ምልክት ስትፈልግ ውላለች ማለት ነው።

"ያን ጠዋት ፋይሉን አይቼው ነበር" አለች ነርሷ። "እንደማይውል አውቄያለሁ። ሾርባም አልጠጣም።"

ልጅቷ ዓይኗን ከሊፍቱ ወደ እናቷ መለሰች።

"አንቺን ባስቀርሽ ኖሮ እንደሚሞት ማመኔ ነበር። ትምህርት ቤት ከሄድሽ ግን ቀኑ እንደ ሌላው ቀን የሚሆን መሰለኝ። ላንቺ ብዬ ነው ስል ኖርኩ፤ ለራሴ ነው ያደረግኩት። ይቅር በይኝ።"

ልጅቷ እናቷ እንዲህ ስትል ሰምታ አታውቅም። የመጽሐፏን ጠርዝ ታጣጥፍ ጀመር። እንባዋ ገጹ ላይ ሲወርድ በእጅጌዋ ጠረገችው። እናቷ ጎትታ ወደ ደረቷ አስጠጋቻት፤ እሷም እንደ ልጅነቷ አንገቷ ስር ገባች። ሕፃን የታቀፈችው ሴት ፊቷን ወደ ሌላ አዞረችላቸው።

"ነገ ትምህርት ቤት እሄዳለሁ" አለች ልጅቷ ቀና ብላ። "ለሚጣ ግን እንደዚያ እያልሽ አትቀጥዪ። ትናንት ማታም 'ተኝተሽ ሳለ አባዬ ደውሎ ነበር' ብለሻታል።"

"አምስት ዓመቷ እኮ ነው። ለቅሶውንም አላየችም።"

"ዛሬ ጠዋት አጸደ ሕፃናት ሳደርሳት ለመምህሯ አባቴ ሕክምናውን ጨርሶ ሊመጣ ነው ስትል ነበር። ከዚያ ወደ እኔ ዞራ 'አይደል?' አለችኝ። ምን ልበላት? እኔም እንዳንቺ ልሁን?"

ነርሷ ልጇን እዚያው አስቀምጣ ወደ ላይ ወጣች። ማትሮኗ የሽማግሌውን ግሉኮስ እየቀየረች አገኘቻት።

"ተገኘች?"

"ተገኘች። እዚሁ ታች ነበረች።" ነርሷ አልጋው አጠገብ ቆመች። "ባሌ ለሥራ አልሄደም። ሞቷል።"

"ፋይልሽ ላይ አለ" አለች ማትሮኗ ከጠብታው ላይ ዓይኗን ሳታነሳ። "አንቺ እስክትነግሪን ነው የጠበቅነው።" ከዚያ ባዶውን ጠርሙስ አስታቅፋት ስታልፍ ክርኗን ያዝ አድርጋ ለቀቀችው።

ነርሷ ከሥራ ከመውጣቷ በፊት አንድ ስልክ ደወለች። ምክትል ርዕሰ መምህሩ ሲያነሱ ቅድም የነገረቻቸው ውሸት መሆኑን ነገረቻቸው፤ ቀጥላም ልጇ የት እንደዋለችና ለምን እንደሆነ ሳትደብቅ አስረዳቻቸው። "አንድ ነገር ልለምንዎት" አለች። "ምናልባት ከዚህ ስለ እኔ ከተደወለ፣ ፈተና ላይም ብትሆን ጠርተው ይንገሯት። የሆነውን ነው። 'ትንሽ አሟታል' እንዳይሏት።" እሳቸውም፣ "እሺ፤ እኔው ራሴ እነግራታለሁ" አሉ።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። ትልቋ ልጅ ታናሿን ይዛ ቀድማ ገብታ ያመለጣትን የቤት ሥራ ዘርግታለች። ክፍሏ አንድ ናት፤ መኝታውን ከማብሰያው የሚለየው መጋረጃ ነው። ያልተፈቱት ካርቶኖች አሁንም ግድግዳው ስር ተደርድረዋል። አንደኛው ካርቶን ላይ የሚጣ አሻንጉሊቶች ጉባኤ ተቀምጠዋል።

"እማማ ቁልፍ ቁልፍ ጠፋባቸው!" አለች ሚጣ ገና እናቷን ስታይ። "ሁላችንም ፈለግን። አንገታቸው ላይ ነበር።"

ትልቋም ሳቀች፤ እናትየውም ሳቀች። ልብሷን ቀይራ ድስት ጣደች፤ ሽንኩርት መክተፍ ጀመረች። ሚጣ ከኋላዋ ቀሚሷን ይዛ የዋለችበትን ትዘረዝራለች፦ ማን እንደገፋት፣ ማን ከረሜላ እንዳካፈላት፣ የመምህሯ ድመት ስንት ልጆች እንደወለደች። ወሬዋን ስትጨርስ እንደ ሁልጊዜው ቀሚሱን ሳብ አደረገችው።

"ዛሬስ አባዬ ደወለ?"

ነርሷ የለመደችው መልስ ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ትልቋ ልጅ ከደብተሯ ቀና አላለችም፤ የምትጽፍበት እርሳስ ግን ቆመ።

"አልደወለም" አለች ነርሷ።

"መድኃኒት እየወሰደ ነው?"

"አይደለም፣ የኔ እናት።"

ምድጃውን አጠፋችው። እጇን በፎጣ አደራረቀችና ወለሉ ላይ፣ ምንጣፉ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። ትልቋም ደብተሯን ዘግታ መጥታ አጠገቧ ተቀመጠች።

"ነይ እስቲ ሚጣ፣ ጭኔ ላይ ተቀመጪ። ስለ አባትሽ የምነግርሽ ነገር አለኝ።"

ሚጣ ጥሩ ወሬ መስሏት እየሮጠች መጣች።